የጋሽ ኦኖ ቁንጮ

ባለፈው ሰሞን ሮቤ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ሻይ እስኪመጣልኝ ስጠብቅ፣ ከጓዳ የወጣ የቫኒላ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እጄ ሳላዘው አናቴ ላይ ወጣ። አናቴ ላይ እንኳ ምንም የለም፤ መላጣ ከሆንኩ ብዙ ዘመኔ ነው። አስተናጋጇ አይታኝ "ራስዎን አመመዎት እንዴ አባባ?" አለችኝ። አባባ መባሉን እስካሁን አልለመድኩትም። "የለም፣ ቁንጮዬን ፈልጌ ነው" አልኳት። ሳቀች፤ የሽማግሌ ቀልድ መሰላት። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ያ ሽታ ለሌላው ሰው የኬክ ሽታ ነው። ለእኔ የጋሽ ኦኖ የጠጉር ቅባት ነው፤ እንደሱ ያለ ነገር ከዚያ ዓመት በፊት አሽትቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ዓመት ነገር ዛሬም ቢሆን በደንብ ገብቶኛል ብዬ አልምልም። በሰባት ዓመቴ ግን ጭራሽ ምንም አልገባኝም ነበር።

በንጉሡ ዘመን የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎባ ነበረች። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት ነበረን፤ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ለእንግዳ እናከራያለን፣ እኛ ከኋላ ባለው እንኖራለን። በዚያን ጊዜ የወንድ ልጅ ራስ ዙሪያውን ይላጭና መሐል አናቱ ላይ አንድ ጭብጥ ጠጉር ይተውለታል፤ ቁንጮ የሚባለው። ልጁ በድንገት የሞተ እንደሆነ መልአክ በዚያ ይዞ ወደ ላይ ያወጣዋል ይባላል። የጎረቤት ልጆች ቁንጮ ለወግ ነበር። የእኔ ግን የስለት ነው።

ከእኔ በፊት እናቴ ሁለት ወንዶች ልጆች ሞተውባታል። የመጀመሪያው ገና ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ሁለተኛው ሮጦ የሚጫወት፣ አፉን የፈታ ልጅ ነበር አሉ። ትኩሳት ሲይዘው አንዲት ባልቴት "ራሱ ይቀዝቅዝለት" ብላ ቁንጮውን ላጨችው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እኔ ስወለድ እናቴ ለማርያም ተሳለች፦ "ይህን ተይልኝ፤ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ በኅዳር ጽዮን ቁንጮውን በገዛ እጄ ቆርጬ ደጅሽ አኖረዋለሁ።" እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይነካው። ሞት እንዳይመኘኝም ስሜን ደብቃ "ቆሼ" እያለች ጠራችኝ። አባቴ ትክክለኛውን ስም ሊያመልጠው ሲል "ዝም ይበሉ፣ ጠላት ይሰማል" ትለዋለች። ቤታችን ውስጥ የሚጠራው ሰው ስላልነበረ እኔ ራሴ ስሜን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ እኔ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ነፍሴ ቁንጮዬ ውስጥ ናት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቅቤ ስትቀባኝ ነፍሴን ቁርስ የምታበላት ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ከጠባ በኋላ አራት ጃፓኖች መጥተው ፊተኛውን ቤት ተከራዩ። ከጎባ ወደ ሃረና የሚወርደውን መንገድ ሊያጠኑ ነው ተባለ። ሦስቱ መነጽር ያደረጉ ቀጫጭኖች ናቸው። አራተኛው ከመኪናው ሲወርድ መኪናው ከፍ አለ። እንዲህ ያለ ሰው አይተን አናውቅም። አንገት የለውም፣ ጆሮዎቹ ተጨማደዋል፣ ሆዱ ከፊቱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዚያ ዘመን ልማድ ሥጋ ያለውን ሰው ባለሥልጣን ነው ብለው ቀጥታ ወደ እሱ ሄደው እጅ ነሱ። አባቴ ኮቱን ቆልፎ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር አደረገለት። ሰውየውም ጎንበስ አለ። አባቴ ከሱ ዝቅ ብሎ ጎንበስ አለ። ሰውየው ከዚያም ዝቅ አለ። ሁለቱም መሬት ሊነኩ ሲቃረቡ ከቀጫጭኖቹ አንዱ የሽንኩርት ከረጢት አምጥቶ ለትልቁ ሰውዬ አሸከመው። ወጥ ቤታቸው ነበር። አባቴ ያን ቀን ራት አልበላም።

ስሙ ኦኖ ነው፤ እኛ ልጆቹ ጋሽ ኦኖ አልነው። አማርኛውን የለመደው አዲስ አበባ ውስጥ ከወጥ ቤት ሴቶች ስለነበር ሰውን ሁሉ በአንቺ ነው የሚጠራው። አባቴን ጠዋት በር ላይ ሲያገኘው "አንቺ፣ ደህና አደርሽ?" ይለዋል። አባቴ "ወንድ ነኝ እኮ ጌታዬ" ሲል፣ ጋሽ ኦኖ "አዎ፣ አንቺ ጎበዝ ወንድ ነሽ" ብሎ ያጸናናዋል።

ብርድ ስለሆነ የሱ ወጥ ቤት መዋያዬ ሆነ። በትልቅ የብረት ድስት ዶሮውን፣ ድንቹን፣ ጥቅል ጎመኑን አንድ ላይ ያፈላዋል። ቀጫጭኖቹ በልተው እስኪጨርሱ ቆሞ ያስተናግዳል፤ ከዚያ የተረፈውን ይበላል። በእኛ ቤት እንዲህ የምታደርገው እናቴ ናት። ይህን፣ በአንቺ መናገሩንና ደረቱን አንድ ላይ ደምሬ ለጥቂት ቀን ሴት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬ ነበር። የሦስቱ እናት ናቸው ብዬ ለአንድ ጓደኛዬ በምስጢር ነግሬዋለሁ።

ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ ባዶ እግሩን ይወጣና ግቢያችን ያለውን የኮሶ ዛፍ በመዳፉ ይማታል፣ በትከሻው ይገፋዋል። ከዚያ አንዱን እግሩን ወደ ጎን ከፍ አድርጎ መሬቱን በኃይል ይረግጣል፤ ዶሮዎቻችን ይበተናሉ። እኔ ዛፉ ብርሃን ከልክሎት ሊያዛውረው የሚታገል መስሎኝ፣ ማታ ማታ ዛፉ ፈቀቅ ማለቱን እየሄድኩ አያለሁ። ጎረቤታችን አዮ ፋጡማ፣ ስወለድ የተቀበለችኝ ሴትዮ፣ በአጥር ላይ አይታው ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ "ዲሲ፣ ተይው፤ ጂኒ እያባረረ ነው" አለቻት እናቴን። በኋላ እንደ ሰማነው ከሁላችንም ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች፤ በጋሽ ኦኖ አገር መሬት የሚረገጠው ክፉ መንፈስ እንዲሸሽ ነው። ረግጦ ሲጨርስ ግን ቀኝ ጉልበቱን ይዞ ብዙ ይቀመጣል። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ሕመም ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ፀሐይ ወጣችና ልብሱን ሊያናፍስ ዘረጋ። ከልብሱ መሐል ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነበረች። ከፈታት። በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበረ፤ ጨርቁን ሲገልጠው ቁንጮ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ፣ የሚያብለጨልጭ ቁንጮ። ያ ጣፋጭ ሽታ ግቢውን ሞላው። ከአንዲት ቆርቆሮ ትንሽ ቅባት በጣቱ ጨልፎ ቀስ አድርጎ ቀባው፣ ከዚያ የእኔን ቁንጮ አይቶ ፈገግ አለ። እኔ ወደ እናቴ ሮጥኩ።

ስነግራት ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ሳጥናችንን ከፈተች። ሳጥናችን ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር፣ በጨርቅ የተቋጠረ የወንድሜ ቁንጮ እንዳለ የዚያን ቀን ነው ያወቅኩት። "ልጅ ሞቶበት ነው" አለች። "ያን ያህል አገር አቋርጦ ተሸክሞት የመጣው። እኛም እዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ለቅሶ ሳንደርስ።"

በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ተሸክመው በፊተኛው ቤት ደጅ ተሰበሰቡ። አባቴ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ጋሽ ኦኖ ጭልፋ እንደያዘ ወጣ። አንዴ እነሱን፣ አንዴ ድስቱን ያያል። ከዚያ እንግዳ ነው ብሎ አስገባን፣ አስቀመጠን። ንፍሮውን ሲያቀርቡለት በደስታ ተቀብሎ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ እሱ አንድ ጣባ ሙሉ ጨረሰ። አዮ ፋጡማ "አላህ ምትኩን ይስጥህ" አለችው። "አመሰግናለሁ፣ ጨው ትንሽ ነው" አላት።

እናቴ ተነሥታ ያችን ትንሽ የእንጨት ሣጥን አመለከተችው። አመጣት። ቁንጮውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችውና እንደ ገና አለቀሰች፤ ይህኛው የደጅ ለቅሶ አልነበረም፣ የወንድሜ ነበር። ጋሽ ኦኖ አፉ ውስጥ የነበረውን ንፍሮ ማኘክ አቆመ። እናቴን አያት። ከዚያ ያ ትልቅ ፊቱ ተጨማደደና እሱም ማልቀስ ጀመረ፤ ያን የሚያህል ሰው ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ትከሻው ሲናወጥ አግዳሚው ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈራሁ።

አባቴ የፍርድ ቤት ሰው አይደል፣ ትንሽ ቆይቶ "ለመሆኑ ሟቹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነበር?" ሲል ጠየቀ።

ጋሽ ኦኖ ዓይኑን ጠረገ። "ማን ልጅ? ልጅ የለኝም።"

"እና ይህ የማን ነው?"

የገዛ ራሱን መታ መታ አደረገ። "የእኔ።"

ለቅሶው ጸጥ አለ። ጋሽ ኦኖ ከትራሱ ሥር ፎቶግራፍ አመጣ። ፎቶው ላይ እሱ አለ፤ ወጣት ነው፣ ወገቡን ከታሰረበት ወፍራም መታጠቂያ በቀር ራቁቱን ነው፣ አናቱ ላይ ያ ቁንጮ ተቀምጧል። ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ ነጠላ ደግሞ ስስ ነገር ነው። አባቴ "በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዛሬ አየሁ" ብሎ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ግን አልሳቀችም። "ታዲያ ለምን አለቀሱ?" ብላ ጠየቀችው።

የዚያን ቀንና ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች፣ ድንች እየላጠ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ነገረን። የተወለደው በረዶ የሚወርድበት አገር ነው፤ በረዶ ምን እንደሆነ ሲያስረዳን ወደ ሳነቴ ተራራ ያመለክታል። ልጅ ሳለ ከእኩዮቹ ሁሉ ይገዝፍ ነበርና፣ ጢሙ እንኳ ሳያቀመቅም፣ አንድ የትግል መምህር ቤታቸው መጥቶ "ከእኔ ጋር ና፣ ሆድህ እስኪሞላ ትበላለህ" አለው። እናቱ ድሃ ነበረች፣ ሰጠችው። የታጋዮቹ ቤት ገብቶ ግን የመጨረሻው ልጅ ሆነ። ገና ሳይነጋ ይታገላል፣ ከዚያ ይጠርጋል፣ የታላላቆቹን ጀርባ ያጥባል፣ ያበስላል፤ እሱ የሚበላው ሁሉም በልተው ድስቱ ውስጥ ውኃው ሲቀር ነው። ወጥ ቤትነቱን ያን ጊዜ ነው የተማረው። ጠጉሩን አሳደጉት፣ በቅባት አስረው ቁንጮ አደረጉለት። የናቱን ቤት ስም ትቶ መምህሩ ባወጣለት የትግል ስም ተጠራ፤ የሰሜን ተራራ ማለት ነው አለን።

በእንጨት መሬቱ ላይ ክብ አሠመረልኝ። ሁለት ሰዎች ይገባሉ፤ ከክቡ የወጣ ወይም ከእግሩ መዳፍ ሌላ ገላው መሬት የነካ ተሸነፈ። ከመግጠማቸው በፊት ጨው ይበትናሉ። "ጨው?" አለች እናቴ። "በእፍኝ? መሬት ላይ?" ጎባ ውስጥ ከብት እንኳ ጨው ሊልስ ስንት መንገድ ተነድቶ ነው የሚሄደው። የነገራትን ሁሉ ይቅር ብላ ጨውን ግን ብዙ ቀን አልረሳችለትም።

ሲያሸንፍ ማዕረጉ ከፍ አለ። ሐር ታጠቀ፣ እሱን የሚያጥቡ፣ እሱ እስኪበላ የሚቆሙ ልጆች ተሰጡት። ከዚያ ጉልበቱ ተሰበረ። ባይድንም ታገለ፤ በተሸነፈ ቁጥር ማዕረጉ ወረደ፣ ወርዶ ወርዶ ትናንት እሱን ያጥቡት ከነበሩ ልጆች ጋር መጥረጊያ ያዘ። አባቴ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" አለ። ጋሽ ኦኖ ተረቱን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ከሰማ በኋላ ሆዱን ነካ አድርጎ "እኔ በልቻለሁ" አለ።

መጨረሻ ላይ፣ ትግሉን ሲያቆም፣ እዚያ ክብ ውስጥ አስቀመጡት። የሚያውቁት ሁሉ በየተራ እየወጡ ከቁንጮው ጥቂት ጥቂት ክር ቆረጡ። የመጨረሻዋን የቆረጠው ያሳደገው መምህሩ ነው።

"እናትዎስ?" አለች እናቴ።

"እናት ታች ቆመች። ሴት እዚያ ላይ አይወጣም።" ድንቹን ትንሽ ላጠ። "ተቆረጠ። የሰሜን ተራራ ሞተ። ኦኖ ብቻ ቀረ። ለሱ ማንም አላለቀሰም። አንቺ አለቀስሽ።"

ሌላው ሰው የሰማውን እንጃ። እኔ የሰማሁት፣ ቁንጮው ሲቆረጥ ሞተ የሚለውን ነው። ወንድሜም እንዲሁ ነው የሞተው። ነገር ግን ጋሽ ኦኖ እፊቴ ተቀምጦ ድንች ይልጣል። አዮ ፋጡማን "የሞተ ሰው ይበላል?" ብዬ ጠየቅኳት። "አይበላም" አለችኝ። ጋሽ ኦኖ ደግሞ ከጎባ ሰው ሁሉ በላይ ይበላል። ሞቷል እንዳልል ይበላል፤ አልሞተም እንዳልል ራሱ ሞተ ብሏል። ሁለቱን ማስታረቅ አቃተኝ። እጁን ስነካው ይሞቃል፤ ይህም አላረጋጋኝም።

ገብሱ ሲታጨድ ኅዳር ጽዮን ቀረበ። እናቴ ከሳች። ቁንጮዬን ስትቀባ እጇ ከወትሮው ይቆያል። አባቴ "ስለት ነው፣ ለምን ትጨነቂያለሽ?" ሲላት ከዓይኑ ዞር ትላለች። መቀሱን አስላ አምጥታ ትራሷ ሥር እንደ ደበቀችው አየሁ። መቀስ የደበቀ ሰው ደግ ነገር አያስብም ብዬ ቆረጥኩ።

የበዓሉ ቀን ማለዳ ግቢውን ጉም ሞልቶት ነበር። ቀስ ብዬ ወጥቼ የጋሽ ኦኖ ወጥ ቤት ገባሁና እዚያ ትልቁ የብረት ድስት ውስጥ ተኝቼ ክዳኑን በላዬ ሳብኩ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ጎመን ጎመን ይላል። እናቴ "ቆሼ! ቆሼ!" እያለች ስትጣራ ይሰማኛል። ከዚያ ክዳኑ ተነሣና ያ ሰፊ ፊት ከላይ አየኝ።

"አንቺ፣ ምሳ ነሽ?" አለ።

"ከተቆረጠ እሞታለሁ" አልኩት። ማልቀስ አልፈለግኩም ነበር፣ አለቀስኩ። "እንዳንተ። እንደ ወንድሜ።"

ፈገግታው ጠፋ። መልስ ሳይሰጠኝ እናቴ በሩ ላይ ደረሰች። መቀሱ በእጇ ነው፣ ፊቷ በእንባ ርሷል። እኔን አይታ ባለችበት ቆመች። "እኔም አልችልም" አለች። የምትነግረው ለእኔ ይሁን ለሱ አላወቅኩም። "በገዛ እጄ ብዬ ተሳልኩ። ብቆርጥ እንደዚያኛው ይሆንብኛል፤ ባልቆርጥ ስለቱን በልቻለሁና ማርያም ትቀየመኛለች። ምን ላድርግ? እስቲ ምን ላድርግ?"

ጋሽ ኦኖ እኔን እንደ ጎመን ከድስቱ አንሥቶ ወደ ግቢው ይዞኝ ወጣ። ከኮሶው ዛፍ ሥር በእንጨት ክብ አሠመረ። ጨው በእፍኙ ይዞ በተነ፤ እናቴ አየች፣ ምንም አላለችም። ንጹሕ ልብስ አልብሶ ከክቡ መሐል አንድ ሣጥን ላይ አስቀመጠኝ። ከዚያች ቆርቆሮ ያን ቅባት አውጥቶ ቁንጮዬን ቀባው፣ በማበጠሪያ ወደ ኋላ ስቦ በክር አሰረው፣ ጫፉን ወደ ፊት አጠፈው። የናቴ ቅቤና የሱ ቅባት ተደባለቁ። እኔ ምን እየሆነ እንደሆነ አላውቅም፤ ሊያታግሉኝም መስሎኛል።

የግቢውን ሰውና ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ጠራቸው። ቀጫጭኖቹ እንኳ መነጽራቸውን ጠርገው መጡ። እያንዳንዳቸው ከኋላዬ ቆመው ጥቂት ክር ብቻ ቆረጡ፤ አባቴ ኮቱን ቆልፎ ቆረጠ፣ አዮ ፋጡማ ቢስሚላህ ብላ ቆረጠች። ጋሽ ኦኖ እኔ እንዳየው በታመመው ጉልበቱ ከፊቴ ተንበርክኮ አንድ ጣቱን አስይዞኛል። ባዶ ራሱ ከዓይኔ ትይዩ ነው። ዋናው ጠጉር ሲቀር ወደ እናቴ ቀና አለ። እሷ ከክቡ ውጭ ቆማለች።

"ሴት አይገባም ብለው የለም?" አለችው።

"ያ እዚያ ነው" አለ። "ይህ ጎባ ነው። ያሳደገ ይቆርጣል። ግቢ።"

እናቴ ጫማዋን አወለቀች፤ ለምን እንዳወለቀች አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ገባች። እጇ አናቴ ላይ አረፈ። የጋሽ ኦኖን ጣት ጨብጬ ልሞት ዓይኔን ጨፈንኩ። የመቀሱን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ራሴን በረደኝ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንነሣ እናቴ ቤት ገብታ ያን የተቋጠረ ጨርቅ ከሳጥን አወጣች። ጋሽ ኦኖ አያትና እሱም ገባ። ሲወጣ የእንጨት ሣጥኑን ይዟል። የወንድሜን ቋጠሮ እያሳየ "ብቻዋን አትሂድ" አለ። የሱን፣ የወንድሜንና የእኔን ቁንጮ በነጠላዋ ጫፍ አንድ ላይ ቋጥራ ተሸከመችው። የስለት ጠጉር ከሚቀበርበት ከጥዱ ሥር ሦስቱንም አስቀምጣ በእጇ አፈር መለሰች። ጋሽ ኦኖ እንደ አባቴ ኮቱን ቆልፎ፣ ከአጥሩ ደጅ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። አላለቀሰም።

ስንመለስ ከሱ ጋር ፊት ፊት ሄድኩ። እየሄድኩ ሞት መቼ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። እጄን አናቴ ላይ ሳደርግ የማላውቀው ሰው ራስ ነው። ሕዝቡ፣ ፈረሱ፣ የገብሱ ክምር ሁሉ እንደ ትናንቱ ነው፤ እኔ ግን ማን እንደ ሆንኩ ጠፍቶብኛል። ከኋላችን እናቴ ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ኑርልኝ!" ብላ ተጣራች።

የምትጠራው ሰው ካለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። "ኑርልኝ!" አለች እንደ ገና። ጋሽ ኦኖን የምትጠራ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ እሱም አዲስ ስም ሳያስፈልገው አይቀርም።

በዚያ ሰፊ መዳፉ ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ። "አንቺን ነው" አለኝ።

"አቤት" አልኩ።